የወፍጮው ሞተር ቀለበት ሲቀየር ሲሊንደሩን እንዴት እናሰናዳ?

ናፍጣ ሞተር ሲደክም ራሱ ይናገራል። ጠዋት አንድ ሰው አሽከርክሮ ያስነሣው የነበረው ሞተር ሁለት ጎበዝ ይጠይቃል። የጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። በሳምንት አንዴ ይጨመርለት የነበረው ዘይት በየሁለት ቀኑ ይጎድላል። በቆሎ ሲገባበት ድምፁ ይወርዳል፣ ቺንጋው ይዝላል፣ ወረፋ የያዙት እናቶችም እርስ በርስ ይተያያሉ። በዚህን ጊዜ የወፍጮ ኮሚቴው ይሰበሰብና «ቀለበቱ አልቋል፤ ይቀየር» ብሎ ይወስናል።

ውሳኔው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ቀለበት ከከተማ መግዛት ሥራውን የጨረሰ ይመስለናል። ቀለበቱ ግን ዘር ነው። ዘር ደግሞ ባልታረሰ መሬት ላይ ቢበተን ምን እንደሚሆን ገበሬ ለሆናችሁት ለእናንተ እኔ አልነግራችሁም። በዚህ ትምህርት የምናየው ዘሩን ሳይሆን መሬቱን ነው፤ ይኸውም ቀለበቱ የሚገባበት ሲሊንደር የሚሰናዳበትን መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንያዝ። ሲሊንደር ማለት ውስጡ ክብና ለስላሳ የሆነ የብረት ጉድጓድ ነው። ፒስተን በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የብረት ሙቀጫ መሳይ ነው። ቀለበት ደግሞ በፒስተኑ ዙሪያ በተቀደዱት ቦዮች ውስጥ የሚገባ፣ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ፣ እየተለጠጠ ግድግዳውን የሚገፋ ስስ ብረት ነው። መካኒኮች ፋሻ ይሉታል። ሥራው ሁለት ነው። የላይኞቹ ቀለበቶች ናፍጣው ሲነድ የሚፈጠረው ኃይል ወደ ታች እንዳያመልጥ ይዘጋሉ። የታችኞቹ ደግሞ ዘይቱን ከግድግዳው ላይ እየጠረጉ ወደ ታች ይመልሳሉ። ቀለበት ሲያልቅ ኃይሉ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ሰማያዊው ጭስ የተቃጠለ ዘይት ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ወፍጮ የሚያዞረው ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ነው። ለምሳሌ የምወስደው ሊስተር የሚባለውን ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ይህ ሞተር በእንግሊዝ አገር ዳርስሊ በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር፤ በሕንድ አገር በራጅኮት ያሉ ፋብሪካዎችም እሱኑ አስመስለው ሠርተዋል። በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ረጅም ዕድሜ አለው። የሲሊንደሩ ጉድጓድ ስፋት 114.3 ሚሊሜትር ነው። የእናንተ ሞተር ሌላ ዓይነት ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ ልኩን ግን ከራሱ መጽሐፍ ላይ ውሰዱ።

ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የቀለበት መሆኑን አረጋግጡ። የናፍጣ መርጫውን ነቅላችሁ በቀዳዳው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያልበለጠ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ አፍስሱ። በጣም አይብዛ፤ ዘይት አይታመቅምና ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። መርጫውን መልሳችሁ፣ ናፍጣውን ዘግታችሁ፣ ትልቁን ጎማ በእጅ አዙሩ። ቀድሞ ያልነበረው እምቅታ ከተመለሰ፣ ማለት ጎማው ወደ ላይ ሲደርስ አልሄድም ብሎ ወደ ኋላ ከመለሳችሁ፣ ዘይቱ የቀለበቱን ክፍተት ደፍኗል ማለት ነውና ጥፋቱ የቀለበትና የሲሊንደር ነው። እምቅታው ካልተመለሰ ቫልቮቹን እዩ። ለቀለበት የሚወጣው ገንዘብ የማኅበሩ ነውና ይህችን ሙከራ ሳታደርጉ ምንም አትግዙ።

አሁን ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ ናፍጣው ተዘግቷል፣ ውኃው ተለቅቋል፣ ክዳኑ (መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት) ተነሥቷል እንበል። ፒስተኑን ወደ ላይ ከመሳባችሁ በፊት በጣታችሁ የሲሊንደሩን አፍ ዙሪያ ዳስሱ። ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ጥላሸት ነው፤ እሱን በጠንካራ እንጨት ወይም በመዳብ ፍቁት፤ በመሮ አትንኩት። ሁለተኛው ከብረቱ የወጣ እርከን ነው። ይህ እርከን የመጣው የላይኛው ቀለበት እስከዚያ ብቻ ስለሚደርስ ነው። ቀለበቱ የደረሰበት ተበልቷል፤ ያልደረሰበት እንደ ነበረ ቀርቷል። ሰውና ከብት ሲመላለሱበት የተቦረቦረ መንገድ ጠርዙ ከፍ ብሎ እንደሚቀረው ማለት ነው። አዲሱ ቀለበት ጠርዙ ስለታም ስለሆነ እርከኑን ሲመታ ይሰበራል። ጥፍራችሁ በደንብ የሚያዝበት እርከን ካለ በቤት የሚሠራ አይደለም፤ ሲሊንደሩን ብረት ቆራጭ ማሽን ወዳለው ጋራዥ ውሰዱት። ጥፍር ካለፈው ግን ቀጥሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። እዚህ ላይ የተማርነው ቁጥር ሥራ ላይ ይውላል። ስስ የብረት ቅጠሎች የተደራረቡበት የክፍተት መለኪያ ያስፈልጋል፤ በየቅጠሉ ላይ ውፍረቱ ተጽፏል። 0.40 የሚል ካያችሁ አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ተከፍሎ አርባው እጅ ማለት ነው።

ከአዲሶቹ ቀለበቶች አንዱን ያለ ፒስተን ወደ ሲሊንደሩ ግርጌ፣ ቀለበት ወደማይደርስበት ቦታ አስገቡ። እንዳይዘም በፒስተኑ ጀርባ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉት። በስንጥቁ መካከል የሚገባውን ቅጠል ፈልጉና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ቀለበቱን ወደ ላይ፣ ከእርከኑ ትንሽ ዝቅ ወዳለው ቦታ አምጡና እንደገና ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚበላው እዚያ ነው፤ እሳቱ የሚነድበትና ዘይት የሚያንስበት ቦታ ነውና። የላይኛው ክፍተት ከታችኛው ይሰፋል። ልዩነቱን ለ3.14 አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ሲሊንደሩ በስፋቱ ምን ያህል እንደተበላ ይነግራችኋል።

ለምን ለ3.14? የክብ ጎተራ ስፋት 1 ክንድ ቢጨምር ዙሪያውን የሚያስረው ጠፍር ከ3 ክንድ ትንሽ በለጥ ብሎ መርዘም አለበት። ቀለበቱም ጠፍሩ ነው፤ ስንጥቁ የሚሰፋው ዙሪያው ስለጨመረ ነው።

ለምሳሌ ታች 0.40፣ ላይ 0.90 ብታገኙ ልዩነቱ 0.50 ነው። ለ3.14 ሲካፈል ወደ 0.16 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚህ ቀለበት መቀየር ያዋጣል። እኔ በበኩሌ 0.25 ካለፈ በአዲስ ቀለበት አልደፍርም፤ ሲሊንደሩ መስፋት ወይም ውስጡ ያለው ካሚቻ መለወጥ አለበት እላለሁ። የሞተሩ መጽሐፍ ሌላ ልክ ካለው የመጽሐፉ ይቀድማል።

ይህ ልኬት አንድ ነገር ይደብቃል፤ ሲሊንደሩ ክብነቱን አጥቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ቢሆን በስንጥቁ አይታወቅም። ለዚህ ደግሞ መላ አለ። ቀለበቱ ውስጥ እንዳለ ባትሪ ከታች አብሩና ከላይ ተመልከቱ። በቀለበቱና በግድግዳው መካከል ብርሃን የሚሾልክ ከሆነ ኃይሉም በዚያው ይሾልካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የሲሊንደሩን ግድግዳ ብታዩት እንደ መስተዋት ያበራል። እንዴ፣ ይኼ ለስላሳ ግድግዳ ምን ይወጣለታል? የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። መልሱን ግን ወፍጮ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ ይፈጫል ወይ? አይፈጭም። ይወቀራል። ሲሊንደርም እንደዚያው ነው። ያረጀው ቀለበት ግድግዳውን ወልውሎ ስላበራው ዘይት አይቆምበትም፤ አዲሱ ቀለበትም የሚሞረድበት ስለሌለ ከግድግዳው ጋር አይላመድም፤ ዘይት መብላቱም አይቆምም። ስለዚህ ግድግዳው በቀጭን በቀጭኑ መጫር አለበት።

አጫጫሩም እንደ እርሻ ነው። ገመሳውን በአንድ አቅጣጫ ካረሳችሁ ሁለተኛውን አቋርጣችሁ ታርሳላችሁ። ለሲሊንደርም ጭረቱ መስቀለኛ ይሁን። ቁጥሩ 220 የሆነ፣ በውኃና በዘይት የማይበተን የብረት ብርጭቆ ወረቀት በእጃችሁ ወይም ከጉድጓዱ ትንሽ በሚጠብ ክብ እንጨት ላይ ጠቅልሉ። በናፍጣ አርሱት። እጃችሁን ባንድ ጊዜ እያዞራችሁም ወደ ላይና ወደ ታች እየሳባችሁም ጫሩ፤ ቀጥሎ በተቃራኒው አቅጣጫ። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሳበ ሰው ለዘይቱ ማምለጫ ቦይ ቀደደ ማለት ነው። ደረቁን አትፈትጉ። ብልጭታው በዙሪያው ሁሉ ጠፍቶ ግራጫ መልክ ሲይዝ አቁሙ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ቀረ ብሎ እዚያው ሲፈትጉ መዋል ጉድጓዱን ያጎደጉደዋል። ድንጋይም ሲወቀር ይጠቀጠቃል እንጂ አይፈለጥም።

ሲሊንደሩ ከሞተሩ አካል የሚነቀል ከሆነ ነቅላችሁ ውጭ ብትሠሩት ይሻላል። የማይነቀል ከሆነ ከታች ያለውን ክራንክ በዘይት በራሰ ጨርቅ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሸፍኑ። የብርጭቆ ወረቀቱ ብናኝ እዚያ ከገባ ከቀለበቱ አልፎ ሌላውን ሁሉ ይበላል።

እስከዚህ ያለውን በተመደብኩበት ቀበሌ ከሞተረኛው ጋር በደንብ ሠርተነዋል። ሞተረኛው ጋሼ የምላቸው፣ እጃቸው ብረት የለመደ ሰው ናቸው። ለክተናል፣ ጭረናል፣ ጭረቱም እንደ መጽሐፉ መስቀለኛ ወጥቷል። ከዚያ ሲሊንደሩን በነጭ ጋዝ አጠብነው፣ በጨርቅ ጠረግነው፣ ገጠምነው። ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሦስት ሳምንት አልቆየም። ጭሱ ተመለሰ። ዘይት ከቀድሞው ባሰ። ወፍጮው ቆመና እናቶች ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ወዳለው ሌላ ወፍጮ እህላቸውን ተሸክመው ይሄዱ ጀመር። የቸገራቸውም የድንጋይ ወፍጯቸውን አወጡ፤ ሌሊት በየቤቱ የመጁ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል አላጋነንኩም። የማኅበሩ ገንዘብ በእኔ ምክር የወጣ ነበርና።

ሞተሩን ስንከፍት ቀለበቶቹ ግራጫ ሆነዋል፤ ስንጥቃቸው ሰፍቷል። ሲሊንደሩ ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል። ለኮሚቴው በሦስት ሳምንት ውስጥ ምን እንደደረሰበት ለማስረዳት ስሞክር፣ ድንጋይ እንደሚወቀር ሁሉ ሲሊንደሩንም እንደ ወቀርነው ተናገርሁ። ወፍጮ ቤቱን የሚጠርጉት እማማ ከበሩ ላይ ሆነው ሰሙኝና፦

«ልጄ፣ እኛ ድንጋይ ስንወቅር መጀመሪያ ትንሽ እህል ፈጭተን አሸዋውን እናወጣና እንደፋለን። ያንን ሳይደፋ የጋገረ አሸዋ ይበላል። የእናንተን ውቅር ምን አወጣው?» አሉ።

ያወጣው አልነበረም። ጥፋቱ ይኸው ነበር። ነጭ ጋዝ ዘይቱን ያሟሟል እንጂ በየጭረቱ ውስጥ የተሰካውን የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ አያነሣም። ግድግዳው ለዓይን የጠራ ይመስላል፤ ብናኙ ግን በቦዩ ውስጥ ተኝቷል። ቀለበቱ ሲመላለስ ብናኙን እየቀሰቀሰ ራሱን ይሞርዳል። አዲስ ቀለበት አስገብተን፣ ሞረድም አብረን አስገብተን ነበር።

ብናኙን የሚያነሣው ሙቅ ውኃና ሳሙና ነው። ስለዚህ ተራውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ቅባቱን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ አስለቅቁ። ነጭ ጋዙን ከምድጃው አርቁ፤ ውኃ የሚፈላበት እሳትና ነጭ ጋዝ በአንድ ቦታ አይሁኑ። ቀጥሎ እጅ የሚችለውን ያህል የሞቀ ውኃ በባልዲ አድርጋችሁ፣ ብዙ የልብስ ሳሙና አሟሙታችሁ፣ ግድግዳውን ጠጉሩ ጠንከር ባለ ብሩሽ እሹት። የጭረቱን አቅጣጫ ተከትላችሁ እሹ። ውኃው ሲጠቁር ድፉና በአዲስ ጀምሩ። ሲሊንደሩ የማይነቀል ከሆነ ውኃው ወደ ክራንኩ እንዳይወርድ ብሩሹን እየነከሩ መሥራትና በጨርቅ እየመጠጡ ማንሣት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ስለዚህም ነው ሲሊንደሩ ቢነቀል ይሻላል ያልኩት።

ንጹሕ መሆኑን የሚፈርደው ዓይን አይደለም። ነጭ አቡጀዲ ነው። ከአዲስ አቡጀዲ ቁራጭ ቀድዳችሁ ንጹሕ የሞተር ዘይት ትንሽ ቀቡበትና ግድግዳውን ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ ብናኝ አለ፤ ወደ ሳሙናው ተመለሱ። እኛ በሁለተኛው ጊዜ አራት ጊዜ አጥበናል። በሦስተኛው ጊዜ ጋሼ «ይበቃል፣ ቆዳው ሊላጥ ነው» ብለው ነበር፤ አቡጀዲው ግን አልበቃም አለ። በአራተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ።

የታጠበ ብረት ዘይት ሳይነካው ከቆየ ወዲያው ይዝጋል። አቡጀዲው ነጭ ሆኖ እንደወጣ አድርቃችሁ ግድግዳውን ሁሉ በሞተር ዘይት ቀቡ። ያን ቀን የማትገጥሙት ከሆነ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ወፍጮ ቤት ዱቄትና አቧራ የሞላበት ነውና ሥራው ሌላ ክፍል ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ቀለበቶቹን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ በአንድ በሲሊንደሩ ውስጥ፣ ጉድጓዱ በሚጠብበት በታች በኩል፣ ስንጥቃቸውን ለኩ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተቱ ካነሰ ሁለቱ ጫፎች ይጋጩና ቀለበቱ ይሰበራል ወይም ግድግዳውን ይቧጥጣል። በጥቅሉ ለ100 ሚሊሜትር ስፋት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይተዋል፤ ለሊስተሩ ከ0.35 እስከ 0.45 ቢሆን ደኅና ነው። ካነሰ በጥሩ ሞረድ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ እየሳባችሁ ጫፉን ሞርዱና ሻካራውን አጥፉ። የፒስተኑን ቦዮችም ከጥላሸት አጽዱ፤ የተሰበረ አሮጌ ቀለበት ጥሩ መፋቂያ ይሆናል። በቀለበቱ አንድ ጎን ላይ የፋብሪካ ምልክት ካለ ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ስንጥቆቹ በአንድ መስመር ላይ አይግጠሙ፤ በዙሪያው ተበታትነው ይቀመጡ። ቀለበት እንደ ጥርስ ነው፣ ከልክ በላይ ከተበረገደ ይሰበራል፤ ወደ ቦዩ ስትከቱት በቀስታ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባዶውን ለረጅም ሰዓት አታዙሩት። ብዙ ሰው ለአዲስ ቀለበት መራራት ይመስለዋል። ቀለበቱ ከግድግዳው ጋር የሚላመደው ግን ሥራ ሲያገኝ ነው፤ ባዶውን ከዋለ ግድግዳው እንደገና ይለሰልሳል። ሞቅ እስኪል ብቻ ቆዩና በጥቂቱ ማስፈጨት ጀምሩ፤ በመጀመሪያው ቀን በግማሽ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ። ወደ 20 ወይም 25 ሰዓት ከሠራ በኋላ ዘይቱን ለውጡ። የቀየራችሁበትን ቀን፣ የለካችሁትን ቁጥርና የጨመራችሁትን ዘይት በወፍጮ ቤቱ መዝገብ ላይ ጻፉ። ቀድሞ በጭንቅላት ይያዝ የነበረው ሁሉ አሁን በእጃችሁ ሊጻፍ ይችላል፤ ሌላ ሞተረኛ ቢመጣ ከመዝገቡ ያነባል።

ለንባብ ቡድኑ መልመጃ፦ በአንድ ሞተር ላይ ቀለበቱ ታች ሲለካ ክፍተቱ 0.45፣ ላይ ሲለካ 1.05 ሚሊሜትር ሆነ። ሲሊንደሩ ምን ያህል ተበልቷል? ቀለበት ብቻ ይቀየር ወይስ ሲሊንደሩ ወደ ጋራዥ ይሂድ? ሒሳቡን በደብተራችሁ ሠርታችሁ ከሞተረኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ለሚቀጥለው ቀለበት ከሚመደበው ገንዘብ ላይ የአንድ ክንድ አቡጀዲና የሁለት ሳሙና ዋጋ መያዙንም ኮሚቴውን ጠይቁ።